የአባባ ትልቁ ፎቶ

ባለፈው ጥር መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። የሄድኩት ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ስለጀመረ ክረምት ሳይመጣ ቆርቆሮውን ለማስቀየር ነው። ቆርቆሮ ሲቀየር ዕቃ መውጣት አለበት፤ እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ዕቃ ጥላ የማታውቅ ሴት ናት። መስታወቱ የተሰበረ ፋኖስ አለ፣ ክዳኑ ብቻ የቀረ የምሳ ዕቃ አለ፣ አንድ እግሩ የጠፋ የጎማ ጫማ አለ። «ይሄንንስ እንጣለው?» ባልኳት ቁጥር «ምን አረገሽ? አብዪኝ አላለሽ፣ አጠጪኝ አላለሽ፣ ተይው» ትለኛለች። ከአልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቼ ክዳኑን ስከፍተው ግን አንድ የማውቀው ሽታ ወጣ።

የባና ሽታ ነው። ባና እኛ አገር ከበግ ፀጉር የሚሸመን ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ፣ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ በጉን አይረሳም። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሙሉ ባና ሳይሆን ከአሮጌ ባና ጫፍ ተቆርጦ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ነው። በእጄ ስዳብሰው ውስጡ ያለውን ሳልፈታው አወቅሁት። ያ ብርማ ካሜራ ነው፣ ቤታችን የገባው የመጀመሪያው ዲጂታል። ባትሪ ድንጋዩ ውስጡ ፈስሶ ስለደረቀ አሁን አይሠራም። እኔ ግን ከረጢቱን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ መሬት ቁጭ አልኩ። ጣሪያ ሠሪዎቹ ከላይ «መዶሻ አቀብሉን!» እያሉ ሲጮሁ እንኳ ቶሎ አልተነሳሁም።

አባቴን ሽፈራውን ጋሼ ነበር የምለው። ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ነበረችው። ከኋላ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊት አንድ የእንጨት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ መጪ ሂያጁ ሁሉ ለፎቶ የሚያስራት አንዲት ቀይ ክራቫት። መሐል ሜዳ ሐይቅ የለም፤ ዘንባባም ያን ውርጭ ችሎ አይበቅልም። የከተማው ሰው ግማሹ ግን ያንኑ ክራቫት አስሮ ሐይቅ ዳር የቆመበት ፎቶ አለው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እዚያ ነበር። ሥራዬ የተቆረጡትን ጉርድ ፎቶዎች ፖስታ ውስጥ እየከተትኩ ለባለቤቶቻቸው መስጠት ነው። ያን ስሠራ አንድ ነገር ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ ብል ይሻላል። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶው ትንሽ ነው። ተማሪውም፣ መታወቂያ የሚያወጣው ገበሬም፣ ሙሽሮቹም ሳይቀሩ ፎቷቸው መዳፍ ላይ ያርፋል። ትልቁን፣ ባለፍሬሙን የሚወስዱት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ናቸው። ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ይዘው ይመጣሉ፣ ጋሼ ደብረ ብርሃን ልኮ ያስተልቅላቸዋል፣ ሲረከቡ እዚያው በራችን ላይ ይላቀሳሉ። ለቅሶው ላይ ያ ፎቶ ከፊት ይያዝና እየተቀባበሉ ያለቅሱበታል። እቤታችንም ትልቅ ፎቶ ያላት አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ እኔ ሳልወለድ የሞተችው አያቴ። ከአባባ አልጋ በላይ ተሰቅላለች። ከጎኗ አንድ ባዶ ሚስማር ነበር።

እንግዲህ የልጅ ነገር፣ ሲሞት ነው ፎቶው የሚተልቀው ብዬ አላሰብኩም። ፎቶው የተለቀ ሰው ይሞታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር።

አባባ የጋሼ አባት ናቸው። አያቴ ከሞተች ወዲህ በጎቻቸውን ከከተማው ዳር ላለ ዘመድ አደራ ሰጥተው ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነበር። ልጃቸው ፎቶ አንሺ ሆኖ እሳቸው ከመታወቂያቸው ጉርድ በቀር ፎቶ አልነበራቸውም። ጋሼ በለመናቸው ቁጥር «ፊልሙን በኔ አታባክነው፤ ኋላ የሰው ሠርግ ላይ ያልቅብሃል» ይሉታል። እሱ ይናደዳል፤ እኔ ደስ ይለኛል። ያልተነሳ ፎቶ አይተልቅማ።

በዚያ ዓመት የመኸሩ አዝመራ እንደገባ የፊልም ነገር ከፋ። ደብረ ብርሃን ፊልም የሚያጥብልን ቤት የፊልም ማሽኑን አንስቶ የዲጂታል ተከለ። ጋሼ ፊልሞቹን አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ መላክ ጀመረ፤ አንዳንዱ ብርሃን ነክቶት ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ የሌላ ሰው ሠርግ ይመጣል። አንዲት ሙሽራ ፖስታዋን ከፍታ «ኧረ ይሄ ባሌ አይደለም!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ገበያው መሐል ተሰምቷል። የጥር ሠርግ ደግሞ ደርሷል። ጥር አልፎ ጾም ከገባ ማን ያገባል? ጎረቤት ከተማ ሞላሌ ላይ አንድ ጎረምሳ ዲጂታል ካሜራ ገዝቶ ፎቶውን እዚያው እያሳየ ያነሳል የሚል ወሬም መጣ።

«ዲጂታል ካልገዛሁ ቤቱን ዘግቼ ወደ እርሻዬ ነው የምመለሰው» አለ ጋሼ ራት ላይ።

«የትኛው እርሻህ?» አለች እናቴ። «ፍሬም እንጂ ሞፈር መች ጨብጠህ ታውቃለህ!»

አባባ ጉርሻቸውን ውጠው «ሙክቶቹን ሽጣቸው» አሉ። «ግን አብሬህ ሄጄ አያለሁ።»

«ካሜራ ያውቃሉ እንዴ አባባ?» አለ ጋሼ።

«ሰው አውቃለሁ። የሚሸጠውን ሰውዬ አያለሁ።»

ትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ስለነበር እኔም ተከተልኳቸው። አውቶብስ ያጥወለውለኝ ስለነበር አባባ መንገዱን ሙሉ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይዘው ነው አዲስ አበባ የደረስነው። በማግሥቱ ፒያሳ የካሜራ ሱቆቹን ዞርን። ጋሼ ስለ ሜጋፒክስል ይጠይቃል፤ አባባ ስለ ሻጩ አገርና ስለ አባቱ ስም ይጠይቃሉ። አንደኛው ሻጭ ስልክ እያወራ ስላስተናገደን አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ፤ እኛም ተከትለናቸው ወጣን። ሌላው ደግሞ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ስለቀነሰልን አላመኑትም። ጋሼ ፊቱ ቀላ። «እንዲህ ከሆነ ፋሲካም እዚሁ ነው የሚውልብን» ብሎ አጉረመረመ።

በመጨረሻ አንድ ቀጭን ልጅ ያለበት ጠባብ ሱቅ ገባን። ልጁ ተነስቶ ለአባባ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ እንደምገምተው ገበያው ያለቀው ያኔ ነው። ሁለት ካሜራ አወጣ፣ ትልቅ ጥቁርና ትንሽ ብርማ። ጋሼ ጥቁሩን ገና በእጁ ሲይዘው ዓይኑ በራ። «ደንበኛ የሚያከብረው ትልቅ ካሜራ ነው» አለ።

«በብርድ ይሠራል?» አሉ አባባ።

«ፍሪጅ ውስጥ አይክተቱት እንጂ ይሠራል አባባ።»

«እኛ ያለነው ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

ልጁ ስቆ አገራችንን ጠየቀ። መንዝ ስንለው ጥቁሩን ከጋሼ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ። «እንግዲያውስ ይሄ ይቅርባችሁ። የዚህ ባትሪ የራሱ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን አለቀላችሁ። ብርማው በሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ የትም ታገኙታላችሁ» አለ። ጋሼ ጥቁሩን በዓይኑ ተከተለው።

«እስቲ አንድ ልሞክርላችሁ» ብሎ ልጁ ብርማውን ወደ አባባ አዞረው።

«ተው፣ ተው! ፊልሙን አታባክን!» አሉ አባባ ፊታቸውን በእጃቸው ጋርደው።

«ፊልም የለውም እኮ አባባ። ሲያነሱ ቢውሉም አያልቅም።»

«እና ሰዉን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«እቺ ውስጥ» ብሎ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር አሳያቸው። አባባ እሷን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። አፋቸውን እንዲያ ከፍተው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ካሜራው ብልጭ አለ።

እኔ ደግሞ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጬ ያዝኩ። ፎቶ ተነሱ ማለት ነው።

ልጁ ካሜራውን አዙሮ ፊታቸውን አሳያቸው። አባባ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ጋሼ አልወደዱትም ብሎ «ሌላ ያንሳዎት» ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አባቴን ነው ያየሁት» አሉ። «ሲስቁ እንዲህ ነበሩ። ፎቶ አልነበራቸውም እኮ። ስንት ዓመት ፊታቸው ጠፍቶኝ ስፈልግ ነበር።» ከዚያ ካሜራውን ለጋሼ ሰጥተው «ብርማውን ግዛው» አሉት።

ስንመለስ አውቶብስ ላይ ጋሼ ቁልፎቹን እየነካካ ሲማር አንዷን ተጫነ። የአባባ ፊት ተለቀ። ደገመ፤ ጨመረ። ጥርሳቸው ብቻ፣ ከዚያ ዓይናቸው ብቻ እስኪሆን ድረስ። «አየሽ እናኒ? እንዲህ ያተልቃል!» አለኝ በደስታ። «አታትልቃቸው!» ብዬ አውቶብሱን ሁሉ የሚያዞር ጩኸት ጮህኩ። ጋሼ ሊያስታውከኝ ነው ብሎ መስኮቱን ከፈተ፤ አባባ ሎሚውን አወጡ። እኔ ከሎሚው በላይ አሻግሬ እሳቸውን አያለሁ። ደህና ናቸው። ለጊዜው ደህና ናቸው።

የመጀመሪያው ሠርግ ገጠር ነበር፤ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ሙሽራው ከቤቱ ሲወጣ ጋሼ ካሜራውን ከፈተው፣ ሌንሱ ግማሽ ድረስ ወጣና ድርቅ አለ። ባትሪ ድንጋዩ በብርድ ሞቷል። ሚዜዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ጋሼ ላብ አጠመቀው። አባባ ለሬዲዮናቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ድንጋዮቹን ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ከተቷቸው። ትንሽ ቆይተው ሲመልሷቸው ካሜራው ነቃ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋሉ፤ አንዱ ጥንድ ካሜራው ውስጥ፣ አንዱ ጥንድ ብብታቸው ውስጥ። ሰው ሁሉ ራሱን እያየ «ድገመኝ፣ ድገመኝ» ይል ስለነበር አባባም ጋቢያቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ውርጩ ደረታቸው ውስጥ ገባ።

ከሠርጉ መልስ ተኙ። ሳላቸው ጎረቤት ይሰማል። ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መርፌ ተወጉ፣ ክኒን ተሰጣቸው። እናቴ አጥሚት እያቀረበች «በስተርጅና የካሜራ አሟቂ ሆነው ይቅሩ!» ትላለች፣ ወዲያው ዞር ብላ ዓይኗን ትጠርጋለች። ከፎቶ ቤቱ ትይዩ ያለው የጨርቅ ነጋዴ፣ የአባባ ወዳጅ ጋሽ ሰይድ በየቀኑ እየመጣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ሌላ ጊዜ ሱቁ በር ላይ ከአባባ ጋር ሲከራከሩ ነበር የሚውሉት። ያኔ ግን ቢያናግራቸውም አይመልሱለትም። ዕቃ ሊያመጣ መንገድ በወጣ ቀን የአባባን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ።

ብርድ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አውቶብሱ ላይ አተልቀናቸው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ካሜራውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ጋሼ ሲያደርግ አይቼ ስለነበር ፎቷቸውን አገኘሁት። ከዚያ ሌላኛውን አቅጣጫ ተጫንኩ። ትንሽ አነሱ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ድንገት ስክሪኑ በብዙ ትናንሽ ፎቶዎች ተሞላና አባባ በሠርገኛው መሐል የገብስ ፍሬ አከሉ። ከዚያ በላይ አልሄድልሽ አለኝ። ቢበቃ ብዬ ካሜራውን መለስኩ፣ ተንበርክኬም ለማርያም ነገርኳት።

በማግሥቱ አባባ ቀና ብለው ተቀመጡና «ኧረ እርቦኛል» አሉ። እናቴ መርፌውን አመሰገነች። እኔ ግን ያዳናቸው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

እየተሻላቸው ሲሄድ ጋሼ የሠርጎቹን ፎቶ ሊያሳትም ደብረ ብርሃን ለመሄድ ተነሳ። ከመውጣቱ በፊት አባባ ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ጋሼ ገረመው። «እውነትዎን ነው?» አለ። «እውነቴን ነው፤ ሳለሁ ልየው» አሉት። እኔም እናቴም አልገባንም።

ጋሼ ይመለሳል በተባለበት ቀን ጠዋት አባባ ዱላቸውን አንስተው «ፀሐይ ልሙቅ» ብለው ወጡ። ከበሽታው ከተነሱ ወዲህ ርቀው ስላልሄዱ እናቴ ደጃፍ ላይ ያሉ መስሏት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን አልነበሩም። ምሳም አለፈ። እናቴ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ መንገዱ ትላለች።

ያኔ ነው ጋሽ ሰይድ ከመንገድ ተመልሶ በግቢያችን በር የገባው። ጥምጥሙ ወልቆ ትከሻው ላይ ወድቋል። «ወንድሜን! ወንድሜን! አፈር ሳላለብስህ ቀረሁ!» እያለ ያለቅሳል። ከኋላው የገበያው ሰው ተከትሎታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እናቴ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው። «አባባን! የት ነው የወደቁት?» ብላ ደረቷን መታች። ማንም አልመለሰላትም፤ ለቅሶ ላይ ማን ይመልሳል? ጎረቤቱ አቀፋት። የእድሩ ሰዎች ወንበርና ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ። አንዷ ጎረቤታችን ለንፍሮ ስንዴ ጣደች። ሁሉም ነገር እንደተለማመዱት ሄደ።

እኔ የጋሽ ሰይድን ጋቢ ይዤ «ማን ነገረህ?» አልኩት። የልጅ ጥያቄ ስለሆነ መለሰልኝ። «አባትሽን ሞላሌን አለፍ ብሎ አየሁት። መኪናቸው ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል፣ እሱ መንገድ ዳር ቁጭ ብሏል። ጋቢውን ተከናንቦ። የአባባን ትልቁን ፎቶ ጉልበቱ ላይ ይዟል።»

ትልቁን ፎቶ። እንግዲያው አለቀ። እኔ ካሜራው ላይ ያሳነስኳቸውን ያህል ጋሼ ደብረ ብርሃን ሄዶ አተልቋቸዋል። ድንኳኑ እየተተከለ ነበር፤ በተከማቸው ወንበር ሥር ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ አለቀስኩ። ምንም የቀረኝ ነገር አልነበረም።

ኋላ ሁሉም ሲጣራ ነገሩ ይኼ ነው። ጋሽ ሰይድ መንገድ ሲወጣ አባባ በጠና ታመው ነበር፤ ፎቶውን ሲያይ እሱ በሌለበት ሞተው የተቀበሩ መሰለው። ጋሼ የተከናነበው ለነፋሱ ነው፤ ፎቶውንም ከጋዜጣው ፈትቶ የያዘው መስታወቱ ተርፎ እንደሆነ ለማየት ነው። ጋሽ ሰይድ ያለበት ሚኒባስ አልፎት ሲሄድ ተሳፋሪው ነፍስ ይማር አለ እንጂ አልጠየቀም፤ ሐዘንተኛ መንገድ ዳር አይጠየቅም። እናቴ ደግሞ ስለ ፎቶው ምንም አልሰማችም። አባባ ከወጡበት አልተመለሱም፣ ጋሽ ሰይድ እያለቀሰ ገባ፤ አንድ ቦታ ወድቀው አግኝቷቸው መርዶ ሊነግራት መጣ ብላ አመነች። እሱ እሷ ታውቃለች ብሎ ያለቅሳል፣ እሷ እሱ ያውቃል ብላ ታለቅሳለች። ከተማው ሁለቱን አይቶ ያለቅሳል።

ከወንበሮቹ ሥር እግር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ጫማ፣ ጫማ፣ የነጠላ ጫፍ፣ ጫማ። ከዚያ በግቢው በር አንድ ዱላ ገባ። ጫፉ ላይ ቆርቆሮ የተመታበት፣ የማውቀው ዱላ። ዱላው ቆመ። ከዚያ ወደቀ።

«ሽፈራውን!» አለ አንድ ድምፅ። «ወይኔ ልጄን! መኪናው ነው? መኪናው ነው ልጄን የበላብኝ?»

አባባ ናቸው። ከገዛ በራቸው ላይ ቆመው ድንኳኑን አይተዋል፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አይተዋል፤ መንገድ ላይ ያለው ልጃቸው ብቻ ነው። መሬት ተቀመጡ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ንፍሮ ጣጂዋ «በስመ አብ!» ብላ ማማሰያዋን ጣለች።

ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ሞቃት ናቸው፤ የበግ ፀጉር የበግ ፀጉር ይሸታሉ። «አሉ! አሉ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እሳቸው እኔን ይዘው «አባትሽስ? አባትሽስ?» ይላሉ። ጋሽ ሰይድ እየተደናቀፈ መጥቶ ፊታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ይዳብሳቸዋል። «አንተ ሰውዬ አልሞትክም እንዴ?»

«እኔ ለምን እሞታለሁ? ሽፈራው የት አለ?»

«ሽፈራው ደህና ነው! ዓይኔ ነው ያየው፣ ጎማ እያስቀየረ ነው!»

«ታዲያ የማን ለቅሶ ነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ መሬት እንደተቀመጠች «የርስዎ ነዋ!» አለችና በሳቅና በለቅሶ መሐል ቀረች። «የት ነው የዋሉት? ሆዴን እኮ ነው የቆረጡት!»

ሸማኔው ዘንድ ነበር የዋሉት። በእጃቸው አንድ ትንሽ ከረጢት ይዘዋል፤ ከአሮጌ ባናቸው ጫፍ አስቆርጠው ለካሜራው አሰፍተውለታል። «እኔ ብብቴን ስንት ጊዜ ልክፈትለት ብዬ» አሉ ከረጢቱን ለሰዉ እያሳዩ። ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለ እንደ ጉድ አየው። አባባ ውኃ ጠጥተው፣ ትንፋሻቸው ተመልሶ ዙሪያውን ቃኙ። «ይኼ ሁሉ ሰው ለኔ ነው?» አሉ። «ነው» አሉ ሴቶቹ። ጥቂት አሰቡና «ጎሽ» አሉ። «ድንኳኑን አታፍርሱት፤ ልጄ እስኪመጣ ተቀመጡ። ንፍሮውም አይጣል።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጋሼ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ፍሬም ታቅፎ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ አባባን ሲያይ ደግሞ ፍሬሙን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ነገሩ ሲነገረው ጋሽ ሰይድን አንገቱን አቅፎ ሳቀ። ከዚያ ጋዜጣውን ቀደደ።

አባባ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ወጡ። ለቅሶ ላይ እንዲያ የሚስቅ ትልቅ ፎቶ ማንም አይቶ አያውቅም። አባባ ፎቶው ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያናግሩት አባታቸውን እንደሆነ የገባን ፒያሳ አብረናቸው የነበርነው ብቻ ነን።

ጋሼ መዶሻ አንስቶ ወደ ባዶው ሚስማር ሲሄድ ግን መንገዱን ዘጋሁበት። «አይሰቀልም!» አልኩ። ለምን ሲሉኝ ሁሉንም አወጣሁት፤ ጥቁር የለበሱትን፣ አውቶብሱን፣ እንዴት አድርጌ እንዳሳነስኳቸው። ማንም አልሳቀብኝም። አባባ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንቺ ነሻ ያዳንሽኝ?»

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እስቲ ፎቶውን እዪው። ተልቋል?»

«ተልቋል።»

«እኔስ?»

አየኋቸው። ቅንድባቸው ላይ የባና ፀጉር ተጣብቋል። «አሉ» አልኩ።

«አለሁ። ለቅሶዬንም ደርሼበታለሁ፤ ሁሉም አልቅሰውልኛል። እንግዲህ የቀረኝ ሥራ መኖር ብቻ ነው» አሉኝ። ያኔ ከፒያሳው ቀን ጀምሮ ይዞኝ የነበረው ነገር ከደረቴ ላይ ሲነሳ ይሰማኝ ነበር። ሚስማሩ ላይ ሲሰቀሉ እኔ ራሴ ነኝ ፍሬሙን ከሥር የደገፍኩት። ከዚያ ጋሼን ጎተትኩትና «የኔንም አስተልቅልኝ» አልኩት።

አስተለቀልኝ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው፣ ቀይዋን ክራቫት አስሬ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ። እስከ ዛሬ እናቴ ቤት ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅያለሁ።

ባለፈው ጥር ጣሪያ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ ታናሹ ልጅ ያንን ፎቶ አየ። ኮፍያውን አወለቀ። እናቴን ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅዎ ነበረች እማማ? ነፍስ ይማር» አላት።

እናቴ የባናውን ከረጢት ይዤ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ በአገጯ አመለከተችው።

«ይቺውልህ» አለች። «መዶሻ ስታቀብልህ የዋለችው።»